ፓኬጁ ካለቀ በኋላ

በደቡብ ወሎ፣ በኩታበር፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ካርድ በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ የሚሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሃምሳ ብር ሞላሁ፤ ሳልደውልበት አለቀ።» ሰሚው እንደየዝንባሌው ከሁለት አንዱን ይመልሳል። አንዱ «ቴሌ በላህ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዳታ አብርተህ ረስተህ ነው» ብሎ ጥፋቱን በባለስልኩ ላይ ይደፈድፋል። ሁለቱም መልስ የነገሩን ሥር አይነካውም። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሰረቀ ሰው የለም፤ ባለስልኩም ከጎረቤቱ የባሰ ዝንጉ ሆኖ አይደለም። ገንዘቡ የሚሄደው ፓኬጁ አልቆ ስልኩ ከዋናው ሂሳብ መቁረጥ በሚጀምርበት ቅጽበት ነው፤ ያ ቅጽበት ደግሞ ባለስልኩ ሳይጠየቅ እንዲያልፍ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፣ የቴክኖሎጂ ግዴታም አይደለም፤ ሰዎች የመረጡት አሠራር ነው። ሌሎች አገሮች ደንብ አውጥተው ቀይረውታል። እኛም የምንቀይርበት በቂ ምክንያት አለን።

ነገሩ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባስጠናው ጥናት ከስድስት የሞባይል ተጠቃሚዎች አንዱ፣ በጠቅላላው 30 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ያልጠበቀው የስልክ ሂሳብ ደርሶት እንደሚያውቅ ተናግሯል። እዚያ ድንጋጤው በወሩ መጨረሻ በፖስታ ይመጣል፤ ሰውየው ተጠቅሞ ቆይቶ ነው የሚከፍለው። በእኛ አገር ግን ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከጀመረ ወዲህ የብዙኃኑ አጠቃቀም ወደ ቅድሚያ ክፍያ ያደላ ነው፤ መጀመሪያ ካርድ ይሞላል፣ ቀጥሎ ይጠቀማል። ስለዚህ ድንጋጤው የዕዳ ወረቀት ሆኖ አይመጣም፤ ስልኩ ለአስቸኳይ ጉዳይ ሲነሳ «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» የሚል ድምፅ ሆኖ ይመጣል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ወረቀት የደረሰው ሰው የሚከራከርበት ማስረጃ በእጁ አለው። አምስት ብርና ዐሥር ብር እያለ የሄደበት ሰው ግን ምን እንደበላው የሚያሳይ ነገር የለውም፤ ለዐሥር ብር ብሎ ከኩታበር ደሴ ድረስ ወርዶ አቤት የሚልም አይኖርም፤ የመኪናው ዋጋ ከገንዘቡ ይበልጣል። በየሰው እጅ ሲታይ ጥቃቅን የሆነው ገንዘብ ሲደማመር ስንት እንደሚሆን ተጠቃሚው የሚያይበት መንገድ የለም።

አሠራሩን እንየው። በአንድ ሲም ካርድ ላይ ሁለት ኪሶች አሉ። አንዱ ዋናው ሂሳብ ነው፤ ካርድ ሲሞላ ገንዘቡ የሚገባው እዚያ ነው። ሁለተኛው ፓኬጁ ነው፤ የዕለት፣ የሳምንት ወይም የወር ሆኖ በተወሰነ ሜጋባይት ወይም ደቂቃ የሚገዛ። በፓኬጅ የተገዛ ሜጋባይት ርካሽ ነው፤ ከፓኬጅ ውጪ በመደበኛው ታሪፍ የሚቆረጠው ሜጋባይት ግን በጣም ይወደዳል። ፓኬጁ በመጠንም ሆነ በጊዜ ሲያበቃ፣ ዳታው ካልጠፋ በቀር፣ ስልኩ ሳይቋረጥ ወደ ዋናው ሂሳብ ይሻገራል። ቪዲዮው አይቆምም፤ ድምፁ አይቀየርም፤ በማያ ገጹ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም። የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው። ታሪፍ በየጊዜው ስለሚቀያየር ትክክለኛውን ዋጋ ትተን ለስሌት ያህል አንድ ሜጋባይት ከፓኬጅ ውጪ 20 ሳንቲም ነው እንበል። ሃምሳ ብር 250 ሜጋባይት ገዛ ማለት ነው። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 600 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ በደቂቃ ዐሥር። ስለዚህ ሃምሳ ብሩ ሃያ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ጥራቱ ከፍ ብሎ በሰዓት አንድ ጊጋ ተኩል ከሆነ ዐሥር ደቂቃ ብቻ። አንድ መቶ ሜጋባይት የሚመዝን የመተግበሪያ ማሻሻያ ስልኩ በራሱ ቢያወርድ ደግሞ ሃያ ብር ሄደ፤ ባለቤቱ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ተኝቶ ሳለ።

«ሳልነካው አለቀ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ዘመናዊ ስልክ ባለቤቱ ሲተኛ አይተኛም። ቴሌግራም ለምሳሌ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በስተቀር፣ በየግሩፑ የሚለቀቀውን ፎቶና ቪዲዮ በሞባይል ዳታ እያወረደ ያስቀምጣል፤ የዕድሩ ግሩፕ፣ የሰፈሩ ግሩፕ፣ የትምህርት ቤቱ ግሩፕ እያለ ሰው ስንት ግሩፕ ውስጥ እንዳለ ማሰብ ነው። ቲክቶክ አሁን የሚታየውን ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውንም ቪዲዮ አስቀድሞ ይጭናል፤ ታልፎ ያልታየው ቪዲዮም ተከፍሎበታል። ፎቶዎችን ወደ ኢንተርኔት መጋዘን የሚገለብጥ መተግበሪያ ካለ ደግሞ በአንድ ሠርግ የተነሳው ሁሉ በዚያው ሌሊት ሊላክ ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው ልብ የማይለው ነው፦ ኔትወርኩ በፈጠነ ቁጥር ፍጆታው ይጨምራል። የቪዲዮ መተግበሪያዎች የመስመሩን ፍጥነት እየለኩ ጥራቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። በቀድሞው ደካማ መስመር ደብዝዞ በትንሽ ሜጋባይት ይታይ የነበረው ቪዲዮ፣ አራተኛው ትውልድ ኔትወርክ (4ጂ) ሲመጣ ጠርቶ በብዙ ሜጋባይት ይታያል። አራተኛው ትውልድ አዲስ አበባ የገባው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ቀጥሎ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፋ። ሰውየው ልማዱን አልቀየረም፤ እንደድሮው ግማሽ ሰዓት ነው የሚያየው። ከኪሱ የሚወጣው ግን እንደድሮው አይደለም። ታዲያ ይህን ሰው «አጠቃቀምህን አታውቅም» ብሎ መውቀስ ምን ያህል ፍትሐዊ ነው?

በእርግጥ ባለስልኩ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ፤ ማድረግም ይበጀዋል። የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ማለት ይቻላል በቅንብራቸው ውስጥ ዳታ ቆጣቢ የሚባል ማብሪያ አላቸው፤ ሲበራ ከጀርባ የሚሠሩት መተግበሪያዎች ዳታ እንዳይነኩ ይከለክላል። እዚያው አጠገቡ የዳታ ገደብ ማስቀመጫ አለ፤ አንድ ጊጋ ፓኬጅ የገዛ ሰው ገደቡን 950 ሜጋባይት ላይ ቢያደርገው ስልኩ ራሱ ዳታውን ያጠፋለታል፤ ዋናውን ሂሳብ የሚነካው አይኖርም። የቴሌግራምን በራሱ የማውረድ ልማድ መዝጋት፣ ማሻሻያ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ማዘዝ፣ ፓኬጅ ከገዙ በኋላ (በኢትዮ ቴሌኮም መስመር በ*804#) ቀሪውን ማየት፣ ሁሉም የየራሱ ጥቅም አለው። ከእነዚህ ሌላ ብዙ ሰው የራሱን ዘዴ ፈጥሯል፦ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ፓኬጁን በቀጥታ ከቴሌብር ይገዛና ዋናውን ሂሳብ ባዶ ያደርገዋል። ባዶ ኪስ አይቆረጥም። ዘዴው ብልህ ነው፤ ግን ምን እንደሚነግረን እንስማው። ደንበኛው ራሱን ከአገልግሎቱ ለመጠበቅ ሲል የአየር ሰዓት ሳይኖረው ለመኖር ፈቅዷል ማለት ነው። የድምፅ ፓኬጁ ካለቀ ለሐኪም የሚደውልበት አምስት ብር የለውም። መኪና የገዛ ሰው ነዳጅ እንዳይሰረቅበት ታንከሩን ባዶ አድርጎ ቢያቆመው መፍትሔ አገኘ አንልም።

ፓኬጅ የሚያልቀው በመጠን ብቻ አይደለም፤ በጊዜም ያልቃል፤ ለገጠሩ ሰው የበለጠ የሚጎዳው ይሄኛው ነው። ደሴ መሐል ወይም ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ያለ ሰው የገዛውን የቀን ፓኬጅ በቀኑ ሊጨርሰው ይችላል። ኩታበር ግን ደጋና ሸለቆ የተፈራረቁባት ወረዳ ናት፤ ከተማዋ ላይ ኔትወርክ ኖሮ ተራራውን ሲሻገሩ ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱ ሰዎች ለአንድ ፓኬጅ እኩል ከፍለዋል፤ የገዙት ጊዜ ግን እኩል አይደለም። በዚህ ላይ በደቡብ ወሎ የደረሰውን እናስታውስ። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰውም መስመሩም ተቋረጠ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በብዙ አካባቢ ለወራት ሳይመለስ ቆየ። የመዘጋቱን ትክክለኛነት ወይም ስሕተት ሌላ ቦታ መከራከር ይቻላል። እዚህ ላይ የሚመለከተን አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ዋዜማ የወር ፓኬጅ የገዛ ሰው ሠላሳ ቀኑ የሚቆጠረው በግድግዳ ሰዓት ነው፤ አገልግሎት ባለበት ሰዓት አይደለም። ሻጩ ዕቃውን ማቅረብ ባልቻለበት ቀን የገዢው ጊዜ ለምን ይሄዳል?

ወሎ የባሕር ማዶ ልጅ የሌለው ቤት የሚቆጠርበት አገር ነው። ከደቡብ ወሎ ብዙ ወጣቶች፣ በተለይ ሴቶች፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ይሄዳሉ፤ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚገናኘው ደግሞ በቪዲዮ መደወያው መተግበሪያ በኢሞ ነው። ስለዚህ እዚህ ዳታ መዝናኛ ብቻ ነው ብሎ የሚናገር ሰው አካባቢውን አያውቀውም። እናት የልጇን ፊት የምታየው በዳታ ነው። የቪዲዮ ጥሪ በደቂቃ ጥቂት ሜጋባይት ይወስዳል፤ ሰዓት ሲሞላ በመቶዎች የሚቆጠር ይሆናል። ልጅቱ ከአሠሪዎቿ ቤት ስልክ የምታገኘው በሳምንት አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በጥሪው መሐል ፓኬጁ ቢያልቅ እናትየዋ የምታውቅበት መንገድ የለም፤ ማሳሰቢያ መልእክት ቢመጣ እንኳ ዐይኗ ከልጇ ፊት ተነሥቶ መልእክት አያነብም። በዚያ ላይ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ብዙ ናቸው። «መልእክት ልከን ነበር» የሚለው መከላከያ ለእነርሱ ምንም ማለት አይደለም።

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። በብዙ አገር የታወቀ የማጭበርበር ዘዴ ነው፦ ከማይታወቅ የውጭ ቁጥር አንድ ጊዜ ጠርቶ ይዘጋል። ሚስኮል ያየ ሰው «ልጄ ትሆን?» ብሎ መልሶ ይደውላል። ጥሪው ከፍተኛ ዋጋ ወደሚያስከፍል የውጭ መስመር ይሄዳል፤ የተቀዳ ድምፅ ወይም ሙዚቃ እያሰማ ያቆየዋል፤ ከሚከፈለው ገንዘብ የተወሰነው ለአጭበርባሪው ይደርሳል። ልጆቿ በውጭ ላሉባት እናት ይህን አትመልሺ ማለት ከባድ ነው፤ ግን የምታውቀው የአገር መለያ ቁጥር ካልሆነ አለመመለሱ ይሻላል፤ ልጅቱ ከሆነች በኢሞ ትደውላለች። ሌሎቹን መቁረጫዎች በአጭሩ ልለፋቸው፤ ክብደታቸው ከዳታው ያንሳል። በአጭር ቁጥር የሚመጡ የስፖርት፣ የጤና፣ የሃይማኖት መልእክቶች በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቆርጣሉ፤ ሰው ሳያስተውል እሺ ብሎ ይመዘገብና ማቋረጫውን ሳያውቅ ይከርማል። የአየር ሰዓት ብድር የወሰደ ሰውም በሚቀጥለው ካርድ ሲሞላ ዕዳው ከነአገልግሎት ክፍያው ይነሣል፤ የሞላው ሃምሳ ብር ገና ሳይነካ አርባ ወይም ሠላሳ ሆኖ ሲያገኘው ያለፈው ሳምንት ብድር ትዝ የሚለው ጥቂቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንመለስ። ደንበኛው ሳይጠየቅ የሚቆረጥበት ነባሪ አሠራር ቢቀየር ለውጥ ያመጣል ወይ? ሩቅ ሳንሄድ ደቡብ አፍሪካን እንይ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 የዳታ ዋጋ መውረድ አለበት የሚል ሰፊ ዘመቻ በማኅበራዊ ሚዲያ ተነሣ። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ በዚያው አቆጣጠር በ2018 ደንብ አወጣ፤ ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ወስደው አዘገዩት፤ በ2019 መጀመሪያ ግን ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ የሚለው ግልጽ ነው፦ ደንበኛው ፓኬጁ ግማሽ ሲደርስ፣ ሰማንያ በመቶ ሲደርስና ሲያልቅ ይነገረው፤ ደንበኛው በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ከፓኬጅ ውጪ ዳታ አይቆረጥበት፤ ያልተጠቀመበትን ዳታ ወደሚቀጥለው ጊዜ የሚያሸጋግርበት ወይም ለሌላ ሰው የሚያስተላልፍበት ዕድል ይኑረው። የዚያ አገር ትልቁ ኩባንያ ቮዳኮም ከፓኬጅ ውጪ ያገኝ የነበረው ገቢ መቀነሱን ለባለአክሲዮኖቹ ዘግቧል። ይህ ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ይናገራል። ሰዎች ሲጠየቁ «አዎ፣ በውዱ ታሪፍ ቁረጡብኝ» ቢሉ ኖሮ ገቢው ያን ያህል ባልቀነሰ ነበር። የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ሲጠየቁ እምቢ ማለታቸው ነው። ቀድሞ ይከፍሉ የነበረውም ፈልገው አልነበረም ማለት ነው።

አውሮፓ ከዚያ ቀድሞ በሌላ በኩል ሄዷል። ከአገራቸው ወጥተው በጎረቤት አገር ዳታ የሚጠቀሙ ሰዎች በሺዎች ዩሮ ዕዳ ይመጣባቸው ስለነበር፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2010 ጀምሮ ሃምሳ ዩሮ ላይ ገደብ አስቀመጠ፤ ሰማንያ በመቶ ሲደርስ ማሳሰቢያ፣ ገደቡ ሲሞላ ደንበኛው ካልፈቀደ መዝጋት። በጎረቤት አገር የሚጨመረውን ክፍያ ራሱን ያስወገዱት ከሰባት ዓመት በኋላ በ2017 ነው፤ ሳይጠይቁ መቁረጡን ግን ቀድመው ነው ያቆሙት። ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም በጥቅምት 2019 (እ.ኤ.አ.) ጊዜ የማያልፍበት ፓኬጅ አስተዋወቀ። እነዚህን ምሳሌዎች ያመጣሁት የውጭውን ለማወደስ አይደለም። በመስከረም 26፣ 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የእነዚሁ ኩባንያዎች ልጅ ነው፤ ሳፋሪኮምም ቮዳኮምም ከባለድርሻዎቹ መሐል ናቸው። ናይሮቢና ጆሃንስበርግ ላይ የሚቻል ነገር ደሴ ላይ በቴክኒክ አይቻልም ሊባል አይችልም። ኢትዮ ቴሌኮምም በአንድ አጭር ቁጥር በደርዘን የሚቆጠሩ ፓኬጆችን የሚሸጥ፣ የሚያሳድስ፣ የሚያስተላልፍ ሥርዓት ያለው ድርጅት ነው፤ «ፓኬጅዎ አልቋል፤ ከዋናው ሂሳብ ይቀጥል?» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር አያቅተውም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው «ትልቅ ሰው የሚጠቀምበትን ማወቅ አለበት» የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ግን ማወቅ የሚቻለው የሚታይ ነገር ሲኖር ነው። ገበያ ላይ ጤፍ የሚገዛ ሰው ሚዛኑን ያያል። ሜጋባይት አይታይም፤ አይዳሰስም፤ ሻጩ ብቻ ነው የሚቆጥረው። ቆጣሪው በአንድ ወገን እጅ ብቻ ሲሆን ኃላፊነቱም ወደዚያው ማዘንበሉ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፦ ዳታ በድንገት ቢቋረጥ በአስቸኳይ ጊዜ ሰው ሊጎዳ ይችላል ይላሉ። መንገድ ላይ ያለ ሾፌር፣ ሐኪም የሚያማክር ቤተሰብ፣ ሁሉም ዳታ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ነገር ግን ማቆም ማለት መከልከል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ጠይቆ ፈቃድ መቀበል ነው። የፈለገ አስቀድሞ «ሁልጊዜ ይቀጥል» ብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ደግሞስ በእውነተኛ አስቸኳይ ጊዜ ዋናው ሂሳብ ላይ ያለው ገንዘብ ለድምፅ ጥሪ መቆየቱ አይሻልም? በአሁኑ አሠራር በአስቸኳይ ሰዓት የሚጎድለው ያ ገንዘብ ነው፤ ትናንት ማታ ማንም ሳይጠይቅ በቪዲዮ አልቋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ማማ የሚተከለው፣ ጄኔሬተር የሚሠራው፣ በጦርነት የወደመው የሚጠገነው በገቢ ነው፤ መሣሪያው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ደግሞ ወጪው ንሯል። ይህን የሚክድ የለም፤ ኩታበር ላይ ተጨማሪ ማማ የሚፈልግ ሰው ገቢውን ሊጠላ አይችልም። ሆኖም ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት 162 ቢሊዮን ብር ያህል ገቢና ከ83 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ እንዳለው አስታውቋል። እንዲህ ያለ ድርጅት ህልውናው ሰው ሳያውቅ በሚቆረጥበት ገንዘብ ላይ የተመሠረተ ነው ቢባል ለድርጅቱም ክብር አይደለም። ዋጋ መጨመር ካስፈለገ በግልጽ ይጨመር፤ ሰው አይቶ ይግዛ ወይም ይተው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፍ 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪ 40 በመቶ ሲቀነስ ሁሉም ሰምቶታል፤ ታሪፍ ወደ ላይ ሲሄድም ይሰማል። በፓኬጅ ማለቂያ ላይ የሚከፈለው ግን በማስታወቂያ የማይነገር ታሪፍ ነው። «ዳታችን ርካሽ ነው» የሚለው አባባልም የሚመለሰው በዚሁ ነው፤ ርካሹ በፓኬጅ ውስጥ ያለው ነው፤ አነስተኛ ፓኬጅ እየገዛ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ድሃ ከፓኬጅ ውጪ የሚወድቅበት ጊዜ ከባለጸጋው ይበልጣል። የወር ፓኬጅ መግዛት የሚችለው ሰው በወር አንድ ጊዜ ነው ጫፉ ላይ የሚደርሰው፤ የቀን ፓኬጅ የሚገዛው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ወይም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሠላሳ ጊዜ።

የጊዜ ገደቡን በተመለከተ ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ከሌላው ይጠነክራል። ኔትወርክ የሚሠራው በሰዓቱ ሊሸከም በሚችለው ልክ ነው፤ ሰው ሁሉ ዳታ አከማችቶ በበዓል ዋዜማ በአንድ ጊዜ ቢያወጣው መስመሩ ይታነቃል። ስለዚህ የማያልፍ ፓኬጅ ሁሉ በአንድ ዋጋ ይሰጥ አልልም፤ ጊዜው የረዘመው መወደዱ ትክክል ነው። የተረፈውን ለተወሰነ ቀን ማሸጋገር ግን ይህን ስጋት ብዙ አይነካም፤ አገልግሎት የተቋረጠበትን ቀን መቁጠር ማቆም ደግሞ ጭራሽ አይነካውም።

ይህን ለማድረግ አዲስ መሥሪያ ቤት መፍጠር አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ዘርፉን ለመቆጣጠርና የተጠቃሚዎችን መብት ለማስጠበቅ ነው፤ የተጠቃሚዎች መብት መመሪያም አውጥቷል። በኩባንያው አገልግሎት ቅር የተሰኘ ደንበኛ መጀመሪያ ለራሱ ኩባንያ፣ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለሳፋሪኮም በ700 ያመለክታል፤ ካልተፈታለት ወደ ባለሥልጣኑ መሄድ ይችላል። ሲያመለክቱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተቆረጠውን መጠን ጽፎ መያዝ፣ የመጡትን መልእክቶችም አለማጥፋት ነገሩን ያቀላል። መመሪያው ላይ ሊጨመሩ የሚገባቸው ነጥቦች ግን ከአንድ ገጽ አይበልጡም፦ ያለ ግልጽ ፈቃድ ከፓኬጅ ውጪ ዳታ እንዳይቆረጥ፤ ማሳሰቢያው ደንበኛው በመረጠው ቋንቋ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በድምፅ እንዲሆን፤ የሳምንቱ ቆረጣ ምን ምን እንደሆነ በነጻ በአጭር ቁጥር እንዲታይ፤ በአካባቢው ኢንተርኔት በተዘጋ ወይም ማማ በወደቀ ጊዜ የፓኬጁ ቀን እንዲቆም። የመጨረሻው ነጥብ ለኩባንያዎቹ ከሁሉ የቀለለው ነው፤ የትኛው ማማ በየትኛው ሰዓት ከአገልግሎት ውጪ እንደነበረና የትኛው ሲም በየትኛው ማማ ሥር እንደሚውል የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።